ለሐይቅ ዳሯ ከተማ የሰጠሁት ማርክ

አንድን ቦታ ልታዩ ሄዳችሁ፣ ምነው ባያምር እያላችሁ ያያችሁበት ጊዜ አለ? ቤት ሊሆን ይችላል፤ ሰፈርም ሊሆን ይችላል። ከሰው ጋር ሆናችሁ "እስቲ እንየው" እያላችሁ፣ በልባችሁ ግን ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ ጣሪያው አፍስሶ እንዲገኝ የተመኛችሁበት? እኔ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ያየሁት ሜክሲኮ ውስጥ፣ ቻፓላ በሚባል ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ሊያረጅባት ያሰበው ሰው ደግሞ አባቴ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባቴ ካናዳ፣ ካልጋሪ የመጣው በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ለትምህርት ነው። እናቴና እኔ በኋላ ተከተልነው፤ አራት ዓመቴ ነበር። ዳውንታውን፣ ከተማው መሀል ባለ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ካርታ ሲነድፍ ኖረ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ካርታውን ኮምፒውተር መንደፍ ጀመረና አባቴን ከጓደኞቹ ጋር ሌይ ኦፍ ብለው ከሥራ አሰናበቱት። ያኔ እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። እሱ ቴምፕል የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻውን ቀረ። እኔ ሥራ ስይዝ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ተከራይቼ ወጥቻለሁ። ወንድም እህት የለኝም። ካናዳ ውስጥ ዘመድ የምንለው ሰውም አልነበረንም። በየምሽቱ እደውልለት ነበር።

"አባዬ፣ በላህ?"

"በላሁ።"

"ምን በላህ?"

"ምግብ ነዋ!"

ውይይታችን ይህን ያህል ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝና ወደ ተማሪዎቼ ደብተር እመለሳለሁ።

የሐይቁ ነገር የመጣው በፖስትካርድ ነው። ከአባቴ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ካናዳዊ ጡረታ ወጥቶ ወደዚያች ከተማ ሄዶ ኖሯል። "እዚህ በረዶ የለም፤ ጉልበቴም ማመሙን ተወ" ብሎ ጻፈለት። አባቴ ካርዱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቀው "ሥዕል ነው" አለኝ። የካቲት ላይ ግን፣ ደረጃው ላይ የተጋገረውን በረዶ ጠርገን ስንገባ፣ ጫማውን እያወለቀ "ሄጄ ላየው ነው" አለ። "ማየት መኖር አይደለም።"

"መጋቢት ላይ ለስፕሪንግ ብሬክ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት። ልረዳው የፈለግሁ መስሎኝ ነበር።

እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። አራተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ለሁሉም ነገር ሠንጠረዥ የማወጣበት ጊዜ ነው። ለመስኮት ማጽጃው ተራ እንኳ ሠንጠረዥ ነበረኝ። ለከተማዋም አወጣሁ። ሐኪም፣ አውቶቡስ፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ ውሃ፣ ጸጥታ፣ ሰው እያልኩ አሥራ ሁለት መስመር ጻፍኩ። እያንዳንዱ ከአሥር ይታረማል። ከግማሽ በታች ያመጣ ወደቀ ማለት ነው። አባቴ አውሮፕላን ውስጥ ወረቀቱን አየና ሳቅ ብሎ፣ "ከተማዋ ለፈተናው ተዘጋጅታለች?" አለኝ።

ከተማዋ ከጓዳላሃራ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ አንድ ሰዓት አትሞላም። መንገዶቿ ድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈባቸው ናቸው፤ ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ሐይቁ። መጋቢት ላይ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጥለው ሐምራዊ አበባ ብቻ ለብሰዋል። አየሩ ብርድም ሙቀትም የለበትም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሐይቁ ሸሽቶ ነበር። ድሮ ውሃ የነበረበት ቦታ ላይ ፈረስ ይግጣል። ለሐይቁ አራት ሰጠሁት። ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ርችት ተኮሱ፤ የቅዱስ በዓል ነው አሉን። ለጸጥታ ሦስት። ለመንገዱ ደግሞ፣ ሽማግሌ ድንጋዩ ላይ ቢወድቅስ ብዬ፣ ሦስት። የሰፈሩን ሐኪም ሄጄ በእንግሊዝኛ አነጋገርኩት። ትሁት ሰው ነው፤ ከምናድርበት ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። ትልቁ ሆስፒታል ጓዳላሃራ መሆኑን ሲነግረኝ ግን እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

"ስንት ሰጠሽው?" አለ አባቴ።

"አራት።"

"ለዶክተሩ? አራት?"

"ለርቀቱ ነው።"

"ተማሪዎችሽ አሳዘኑኝ" አለና ጸጉሩን ሊስተካከል ወጣ።

ጸጉር አስተካካዩ የእሱ እኩያ ነበር። አባቴ ስፓኒሽ አያውቅም፤ ሰውየው እንግሊዝኛ አያውቅም። ስደርስ ሁለቱም ጉልበታቸውን እየነካኩ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። በማግስቱ ሰውየው ከመንገዱ ማዶ እጁን አንሥቶ "ዶን ካናዳ!" ብሎ ተጣራ። ዶን ማለት በእነሱ ጋሼ እንደማለት ነው። አባቴ ከተማ መሀል ስሙን እንደተጠራ ልጅ ዞሮ፣ ባርኔጣውን አነሣ። ካልጋሪ ውስጥ ከሰፈራችን አውቶቡስ ፌርማታ እስከ ቢሮው ድረስ፣ ሲ-ትሬን የሚሉትን የከተማ ባቡርና ፕላስ ፊፍቲን የሚሉትን ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኝ ድልድይ ጨምሮ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ አለ። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ባርኔጣውን ያነሣለት ሰው መኖሩን አላስታውስም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስኩ። አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሚከራዩ ቤቶች ለብቻዬ ሳይ ቆይቼ ተመለስኩ። አደባባዩ ላይ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱን አራት ሽማግሌዎች ከበው ዶሚኖ ይጫወታሉ። አንዱ አባቴ ነው። ጸጉር አስተካካዩ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አባቴ ምንም ሳይገባው ሳቀ። ሲስቅ እጁን አናቱ ላይ ያደርጋል። ይህን ረስቼው ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አላየሁትም።

ዛፍ ሥር ቆሜ አየሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። እዚህ ቢቀር እሑድ እሑድ የት እሄዳለሁ? ቢያመኝ ማን ያውቃል? ትምህርት ቤት ፎርም ላይ "አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው" በሚለው ቦታ የማንን ስም እጽፋለሁ? ይህን ሁሉ ሳስብ አባቴ ቀና ሲል አየኝ። ሳቁን አቆመ። እጁን ከአናቱ አወረደና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ልክ አስተማሪ ሲገባ ተማሪዎች እንደሚያደርጉት።

ክፍሌ ገብቼ ሠንጠረዡን አወጣሁ። "ሰው" ከሚለው መስመር ፊት ለፊት ሁለት ጻፍኩ። ከአሥር ሁለት። ያየሁትን እያወቅሁ።

ካልጋሪ ስንመለስ በረዶ ይጥል ነበር። ድምሩን ሠርቼ፣ በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ወሰድኩለት። ከተማዋ ወድቃለች። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ "ሰው" የሚለው ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አጠፈውና "እሺ ልጄ" አለ።

እሺ አለ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ደስ እንዳለኝ ቆየሁ።

ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ደብተር ሳርም በሬ ተንኳኳ። የለበስኩት አሮጌ የስፖርት ሹራብ ነው። ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ አንደኛው ጋሼ የምላቸው የአባቴ የረጅም ጊዜ ጎረቤት፣ ሌላኛው ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሽማግሌ። ሦስተኛዋ እናቴን ያስታምሟት የነበሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ነጠላ። እንደዚህ ለብሰው፣ ሦስት ሆነው፣ እሑድ ቀን የሚመጡ ሰዎች ምን እንደሆኑ ካልጋሪ ያደገ ልጅም ያውቃል። ሽማግሌ ተልኮብኛል!

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አልኩ፤ ደብተሮቹን ከወንበሩ ላይ እያነሣሁ።

"አንቀመጥም" አሉ ጎረቤታችን። "ቃል ይዘን ነው የመጣነው። እሺ ስትይን እንቀመጣለን።"

ማን ይሆን እያልኩ የማውቃቸውን ወንዶች ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ። ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ሁለት ናቸው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልኩ፣ "ለጋብቻ ከሆነ የሚኬደው አባቴ ዘንድ ነው።"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። "ወይ አንቺ! ባል አምጥተን ቢሆን እንዲህ በባዶ እጃችን እንመጣ ነበር?"

"የመጣነው ከአባትሽ ዘንድ ነው" አሉ ጋሼ። "እሱ ነው የላከን።"

"ወደ እኔ?"

"ወደ አንቺ። እዚያ ሐይቅ ዳር ሄዶ መኖር ይፈልጋል። ከዘመድ የቀረሽለት አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሳትፈቅጂለት ጥሎሽ መሄድ ነውር ሆነበት። ፍቀጂለት ብለን ልንለምንሽ ነው።"

ለማያውቅ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው በራስ አፍ መናገር ሲከብድ ነው። ወጣቱ ወደ ልጅቷ አባት ይልካል፤ የበደለ ወደ ተበደለ ይልካል። አባት ወደ ልጁ ሲልክ ግን ሰምቼ አላውቅም። እነሱም ሰምተው እንደማያውቁ ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ቤዝመንቱ ዝቅተኛ ነው፤ ሁለተኛው ሽማግሌ ረጅም ስለነበሩ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ነው የቆሙት።

"ራሱ ለምን አልነገረኝም?" አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ።

"ነግሮሽ ነበር እኮ" አሉ እትዬ፤ አሁን አይስቁም። "አንቺ ወረቀት ሰጠሽው።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩም አስረዳሁ፤ እኔ ማስረዳት አይቀርልኝም። ስለ ርችቱ፣ ስለ ዶክተሩ ነገርኳቸው። በመጨረሻ ስለዚያች "ሁለት" ተናዘዝኩ። ዘጠኝ እንደሚገባት፣ እኔ ግን ብቻዬን መቅረት ፈርቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ያውቃል" አሉ ጋሼ። "አባትሽ ሃያ ዓመት ካርታ ነድፏል፤ የተሳሳተ ቁጥር ሲያይ አይጠፋውም። ፈርታ ነው ብሎናል። ለዚህ ነው ትቼዋለሁ ያለው። ቤቱ ሄደን ስናየው እህል አልቀመስ ብሎት ነበርና እኛ ነን ላከን ያልነው፤ እሱም በስንት ልመና እሺ አለ።"

"እንግዲህ ልጄ" አሉ ረጅሙ ሽማግሌ ከጣሪያው ሥር፣ "አንገቴ እያለቀ ነው።"

"ፈቅጃለሁ" አልኩ። "ይቀመጡ።"

ወንበር ያለኝ ሁለት ነበር። እትዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ያን ቀን ማምሻውን ቴምፕል ሄድኩ። አባቴ በሩን ከፍቶ አየኝና አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ልጠይቀው የተዘጋጀሁበትን ንግግር አውቶቡስ ውስጥ ከአንዴም ሁለቴ ደግሜዋለሁ፤ ፊቱን ሳይ ጠፋኝ። "አባዬ፣ ዶሚኖ እንዴት ነው የሚጫወቱት?" ብቻ አልኩት። ሜክሲኮዎቹ ከኛ የሚለዩበትን ሕግ እስኪመሽ አስረዳኝ። ማስረዳት የምወደው ከማን ወርሼ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ወደ ሐይቁ ሄደ። አሁን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የማደርገው የለኝም። ቴምፕልን የሚያልፈው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ የድሮ ፌርማታችን ሲደርስ ወራጅ አለ የሚባልበትን ገመድ ሳልስብ አልፋለሁ። ፎርሙ ላይ ያለውን ቦታ እትዬን አስፈቅጄ በእሳቸው ስም ሞላሁት። ይከብዳል፤ ቀለለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ደብዳቤው ግን በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፤ ረጅም ነው፤ ከጸጉር አስተካካዩ ጋር የተጣሉበትና የታረቁበት ሁሉ አለበት። ካልጋሪ እያለ "ምግብ" ብቻ ይለኝ የነበረ ሰው የበላውን ዓሣ ዓይነት በስሙ ይነግረኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር እንድትሞክሩ ልለምናችሁ። እኛ አስተማሪዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን፦ ተማሪውን ጠይቀን፣ ገና አፉን ሳይከፍት መልሱን ራሳችን እንሰጠዋለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጠይቆ በልብ እስከ ሃያ መቁጠር። እባካችሁ በዚህ ሳምንት አባታችሁ ወይም እናታችሁ ዘንድ ሂዱ። ወረቀትና እስክሪብቶ አትያዙ። "የት መኖር ትፈልጋለህ? የት መኖር ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። ሃያ ላይ ካልተመለሰላችሁ፣ እንደገና ከአንድ ጀምሩ።