የእታለም ጠርሙስ

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ለእጅ ጽሑፌና ለፊደል ግድፈቴ ይቅርታ።

ታላቅ እህቴ እታለም የመጀመሪያ ልጇን እንዳረገዘች ስኳር ተገኘባት። የክሊኒኩ ነርስ "ሽንቷ ላይ ዳግመኛ ስኳር ካገኘሁ እስክትወልድ ሆስፒታል ትተኛለች" አለች። እናቴ ግን የአራሷን መኝታ አሰናድታ፣ የገንፎውን ገብስ አስፈጭታ ጨርሳለች። ለምርመራው የእታለምን ሽንት በአረቄ ጠርሙስ ሞልታ፣ ሰው እንዳያይብን በነጠላ ጠቅልላ ላከችኝ።

ፒያሳ ስደርስ አንድ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ አስቆመኝ።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

ሽንት ነው ብዬ ለወንድ እንዴት ልናገር? አንገቴን ደፋሁ። እሱ ነጠላውን ገለጠው።

"ብርዝ ነው አይደል?"

ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ ቡሹን ነቅሎ ተጎነጨለት። ጥቂት አጣጣመና አፉን በእጁ ጠረገ።

"ማሩስ አላነሰውም፤ ግን ጨው ጨው ይላል። እናትሽን ጠርሙሱን በደንብ እጠቢው በያት" ብሎ መለሰልኝ።

የቀረውን ይዤ ክሊኒክ ገባሁ። ነርሷ መርምራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

"አይዞሽ፣ እህትሽ መተኛቷ ነው። ስኳሩ አልወረደም።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ማን ነገረሽ?"

እሱን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።