ሦስቴ ካልተጠራሽ

ዛሬ ጠዋት ጉለሌ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሽሮ ስነፋ፣ ልጄ ከጓሮ «አቤት እማዬ!» እያለች ሮጣ ገባች። እኔ እኮ አልጠራኋትም። የባሕር ዛፍ ሽታ ተከትሏት ሲገባ እጄ ወንፊቱ ላይ ቀረ።

እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ አባቴ አንድ እሑድ የሩቅ ማያ መነጽር ተውሶ ወፍ ሊያሳየን ቤተሰቡን ሁሉ እንጦጦ ይዞን ወጣ። ጭላት አየን፤ አንዲት ድኩላም ከቁጥቋጦው ውስጥ ጆሮዋን አቁማ ስታየን አየናት። ከዚያ ቆሎ ልንበላ እንደተቀመጥን ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከታች ከዛፎቹ መሀል እናቴ ስሜን ጠራችኝ። እናቴ ግን አጠገቤ ሆና ቆሎ ትቆረጥማለች።

«አቤ...» ስል አክስቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው።

«አንቺ ልጅ! ጫካ ውስጥ ሦስቴ ካልተጠራሽ አቤት እንዳትዪ። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

አባቴ ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! ወፍ እኮ የሰው ድምፅ ይቀዳል።»

«ታዲያ ስሟን ማን ነገረው?»

ድምፁ አንድ ጊዜ ደገመ። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ፣ ሁላችንም ሦስተኛውን ጠበቅን። አልመጣም። ቆሎውን እዚያው ጥለን ወረድን፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን ከቤታችን ያነሳው ሰው የለም።

ልጄን ወደ እኔ ስቤ፣ «ስንቴ ጠራሁሽ?» አልኳት።

«ሦስቴ ነዋ! ሁለቱን ዝም አልኩሽ፤ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

የጓሮውን በር ልዘጋ ተነሳሁ። ውጭ አንድም ወፍ አይሰማም።