ፈረሱ የቆመበት መስቀለኛ መንገድ

ዳውንታውን ዴንቨር በምሠራበት ፓርኪንግ ግድግዳ ላይ ትልቅ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል። እደጅ ያለው መስቀለኛ መንገድ ነው፤ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የተነሳ። መንገዱን የሞሉት ጋሪዎች ናቸው። ከመሀላቸው አንዱ ፈረስ አንገቱን አዙሮ ያያል። እኔን የሚያይ ስለሚመስለኝ በአጠገቡ ሳልፍ እፈጥናለሁ።

አባዬ ናዝሬት ውስጥ ባለጋሪ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሞ ይጭነኝ ነበር። ኋላ መኪናው ሲበዛ ጋሪ እዚያ እንዳይቆም ተከለከለ። ይህን ለፈረሳችን ለዳማ የነገረው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር መንገዱ ዳር ስደርስ፣ የአባዬን ጋሪ እየጎተተ የሚያልፈው ዳማ ገና እንዳየኝ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላው መኪኖቹ ጡሩምባቸውን ለቀቁት። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋና እየተሳደበ መጣ።

"ባለጋሪውን ታውቂዋለሽ እንዴ?" አለችኝ አንዷ ጓደኛዬ።

"ኧረ አላውቀውም!" ብዬ አልፌ ሄድኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ከኋላዬ አባዬ ፖሊሱን "ይቅርታ ጌታዬ፣ ፈረሱ ነው። የሚያውቃትን ልጅ ያየ መስሎት ነው" ሲለው ሰማሁ። ያኔ ለፖሊሱ የፈጠረው ሰበብ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ያንን ፎቶ አየ።

"ማሚ፣ እናንተም ሆርስ ነበራችሁ?" አለኝ።

አብረውኝ የሚሠሩት አበሾች ዞር ብለው መልሴን ጠበቁ።

"አይ" አልኩት፣ "እኛ መኪና ነበረን።"