አራስ ቤት የደበቅኩት ሽሮፕ

መጀመሪያ ግራ ጎኔን አቃጠለኝ። ከዚያ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶ ወደ ጀርባዬ ዞረ። ጎረቤቱ ሁሉ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ይለቅሻል አለኝ። እርጉዝ ስለነበርኩ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር ትርንጎ ደሜን መረመረች። በሩን ዘጋች። ኤች አይ ቪ እንዳለብኝ ነገረችኝ። አላለቀስኩም። በየቀኑ እንድውጠው የሰጠችኝን ክኒን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ።

ባሌ ከዚያ በፊት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣ ታሞ ተመልሶ ሞቷል። ወባ ነው ተባለ፤ እኔም ወባ ነው ብዬ ቀበርኩት። አብረውኝ የቀሩት እናቱ እማማ ጥሩዬ ናቸው። ለእርሳቸውም ከልጃቸው የተረፋቸው በሆዴ ያለው ብቻ ነበር። በምን አፌ ልንገራቸው? ክኒኔን እየደበቅኩ ዋጥኩ።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሲስተር ትርንጎ ጡቴን እንዳጠባው፣ ቫይረሱ እንዳይዘው ግን ኔቪራፒን የሚባለውን ሽሮፕ በየቀኑ እንድሰጠው አስረድታ ጠርሙሱን ሰጠችኝ። እሺ ብዬ ቤቴ ገባሁ። በእኛ አገር አራስ እስከ ክርስትናው ብቻዋን አትተውም። እማማ ጥሩዬ እግሬ ሥር ይተኛሉ፤ ጎረቤቶች ገንፎ እየበሉ ይውላሉ። ክኒኑን ጋቢ ተከናንቤ እውጣለሁ። ለሕፃን ሽሮፕ ማጠጣት ግን በምን ይደበቃል? ጠርሙሱን ትራሴ ሥር እንደደበቅኩት አንድ ቀን አለፈ። ሌላም አለፈ። ጡቴን በሰጠሁት ቁጥር የምገድለው መሰለኝ።

ሲስተር ትርንጎ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ሽሮፑን እንዳላጠጣሁት በጆሮዋ ነገርኳት።

«ለእማማ እኔ አልናገርልሽም፤ ምስጢሩ ያንቺ ነው። አጠገብሽ ግን እቀመጣለሁ» አለችኝ። ጎረቤቶቹን በዘዴ አስወጣችና እጄን ያዘች።

ለእማማ ጥሩዬ ነገርኳቸው።

«ልጄን የበላብኝ ይኸ ነው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

«የእሱን አሁን ማወቅ አይቻልም፤ ሕፃኑን ግን ማትረፍ ይቻላል» አለች ሲስተር።

እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው አሰጣጡን አሳዪኝ አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽሮፑን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየቀዱ በገዛ እጃቸው አጠጡት። ዋሽተው የማያውቁት ሴትዮ ለጎረቤት የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው ይሉ ጀመር። ከእኔ ጋር ግን ከዚያ ወዲህ በአንድ ትሪ በልተው አያውቁም። ሲስተር ትርንጎ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ ከእኔ ጋር እየቆረሰችም አሳይታቸዋለች። አልሆነም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ልጄ ጡት ከተወ በኋላ በተደረገለት የመጨረሻ ምርመራ ነፃ ሆነ። እማማ ጥሩዬ ተንበርክከው መሬት ሳሙ። እኔን አላቀፉኝም።

ሲስተር ትርንጎን እግዜር ይስጥልኝ። እማማ ጥሩዬንም እያዘንኩባቸው አመሰግናቸዋለሁ። እህቴ፣ እንደኔ ከሆንሽ መድኃኒትሽን አታቋርጪ፤ አራስ ቤት ሳትገቢም ለአንድ ሰው ንገሪ። አንቺን የምትወድ ሴት ስትፈልጊ ጊዜው እንዳያልፍብሽ። ልጅሽን ብቻ የምትወድ ብትሆንም ትበቃለች።