ያልወደቀው ድንጋይ

ቅዳሜ ጠዋት ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ወንድሜ ማሩ የሞተበት ድንጋይ ማውጫ ቆሜ ነበር።

ማሩ ታላቄ ነው፤ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። አምና ጥር ላይ ገደሉ ተንዶበት ነው ያረፈው። አሁን ሙት ዓመቱ ስለደረሰ አባዬ መቃብሩን በድንጋይ ማስከበብ ፈለጉ። ድንጋዩም የግድ ከዚያው ገደል መውጣት አለበት አሉ። ማሩ መፈለጥ ጀምሮት የነበረ አንድ ትልቅ ድንጋይ እዚያው እንደተንጠለጠለ አለ።

«የጀመረውን እኔ እጨርስለታለሁ» አሉ። አባዬን ደግሞ ማን ይመልሳቸዋል?

የእኛ አገር ተራራ ድሮ ቀልጦ ይፈስ የነበረ ድንጋይ መሆኑን ትምህርት ቤት ተምረናል። ያኔ ለማሩ ስነግረው «እንደ ገንፎ? ታዲያ ቅቤው የታለ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዘንድሮ የተማርነው ግን አያስቅም። ሌሊት በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ውኃ በውርጭ በረዶ ይሆናል። በረዶ ሲሆን ያብጥና ስንጥቁን ይገፋዋል። ጠዋት ፀሐይ ስታገኘው ይሟሟል... ይዞት የነበረውንም ድንጋይ ይለቀዋል። ማሩ የሞተው ፀሐይ ገደሉ ላይ ስታርፍ ነበር።

ቅዳሜም ፀሐይዋ ከገደሉ አናት ቀስ እያለች ወደ አባዬ ስትወርድ እያየሁ፣ ድንጋዩ እንዳይወድቅ እጸልይ ነበር።

አባዬ ከድንጋዩ ስር ገብተው በማሩ መዶሻ መቱት። ማሩ «ደህና ድንጋይ ሲመቱት ይጮሃል፤ የታመመው ድምፁ ይታፈናል» ይል ነበር። ይኼኛው «ዱፍ» ብሎ ቀረ።

«አባዬ፣ ይውጡ!»

«ምን ሆነሃል?»

«አልጮኸም እኮ! ውስጡ ተሰንጥቋል!»

«ድንጋይ እንዲዘፍንልህ ፈለግህ? ይልቅ ዲጂኖውን አቀብለኝ!»

ጠጠር ወርዶ ጋቢያቸው ላይ ተበተነ። ከዚያ ድንጋዩ ውስጥ ቆሎ ሲንጣጣ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ... ጣ... ጣ... አባዬ ጆሯቸው ደከም ስላለ አልሰሙትም። መዶሻውን መሬት አስቀምጠው ዲጂኖውን ራሳቸው ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

መዶሻውን ላፍ አድርጌ ሮጥኩ።

«አንተ! የልጄን መዶሻ!»

ከማሩ ዕቃ እሳቸው ዘንድ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እንደሚከተሉኝ አውቄያለሁ። እየረገሙኝ፣ ጋቢያቸው እየተጎተተ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ አባረሩኝ። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ የድንጋዩን መውደቅ ጠበቅሁ።

ጸጥ...

አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋብን አለፈ። ድንጋዩ እንደነበረ አለ።

«እሺ፣ ወደቀ?» አሉ እያለከለኩ።

«አልወደቀም።»

«ፈሪ!» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር። ግን ለረጅም ጊዜ አለቀቁኝም።

«ከወንዝ እናምጣለት» አልኳቸው። «የወንዝ ድንጋይ ወድቆ ጨርሷል። ማንም ላይ አይወድቅም።»

«ክብ ድንጋይ ተደርድሮ ይቆማል እንዴ? ማሩ ቢያየን ምን ይለናል?»

ከሰዓት በኋላ ግን ከፊቴ ቀድመው ወደ ወንዙ ወረዱ። እውነትም ክብ ድንጋይ አልደረደር ብሎ አስቸገረን። አንዱን ስናስቀምጥ ሌላው ይንከባለላል፤ አባዬም ድንጋዩንና እኔን በየተራ ይሰድባሉ።

ያ ገደል ላይ ያለው እስካሁን አልወደቀም። ማታ ማታ «ወደቀ?» ይሉኛል። አልወደቀም ስላቸው «እንግዲያው መዶሻውን አምጣ» ይላሉ። እንዳይወድቅ ስጸልይ የነበርኩት ልጅ አሁን ሰው በሌለበት እንዲወድቅ እጸልያለሁ።

መዶሻው ፍራሼ ስር ነው... ጎኔን ይወጋኛል፣ ግን እሱ ላይ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።