አረንጓዴው መስመር

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ውስጥ አዲስ የተከፈተ ባንክ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ዓይኔ ወለሉ ላይ አረፈ። ነጭ እብነ በረድ ነው፤ መሐል ለመሐል አረንጓዴ መስመር ይሄድበታል። አጠገቤ የቆመች ሴት «እንዴት ያምራል!» አለችኝ። «ያምራል» አልኳት፤ እግሬን ግን ከመስመሩ ላይ አነሳሁ።

አረንጓዴው ሰርፐንታይን የሚባል ማዕድን ነው። ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም አሳምሬ ጽፌዋለሁ። ከብዙ ዘመን በፊት ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ውሃ ገብቶበት የለወጠው ነው፤ ለስላሳ፣ ሲዳስሱት ሳሙና ሳሙና የሚል። በአጭሩ፣ አረንጓዴ ያለበት ድንጋይ ድሮውኑ የተጎዳ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻውን ምን ይፈይዳል?

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ ባምባሲ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ ከመንደራችን ሴት ልጆች ተምራ የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ስለነበርኩ ምድር አልበቃኝም። ሥራዬ እብነ በረድ በሚወጣበት ካባ ላይ የተቆረጠውን ድንጋይ መርምሬ ደህናውን ቀይ ቀለም መቀባት ነበር፤ ቀይ ያልተቀባ ድንጋይ ሥር ማንም አይገባም።

መሰርሰሪያውን የሚይዘው ጋሽ ኢድሪስ የሚባል የበርታ ሰው ነው። የሱን ያህል ታጋሽ ሰው አላየሁም። በማንጎ ወቅት ማንጎ በቀርከሃ ቅርጫት ይዞልኝ ይመጣል፤ ምሳ ሰዓት ላይ የማሽላ ገንፎውን በባሚያ ወጥ አቅርቦ «ና ብላ!» ይለኛል። ለሱ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

ድንጋይ መመርመር ያስተማረኝ እሱ ነው። ጀሪካን ውሃ ይደፋበትና ፀሐይ እስኪያደርቀው ይጠበቃል። ደህናው ወዲያው ይደርቃል፤ ስንጥቅ ካለበት ግን እርጥብ ክር ይዞ ይቀራል። አረንጓዴው ላይ ይህ አይሠራም፤ ቢደርቅም ባይደርቅም ጠቆር እንዳለ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ መንገዱ ሳይበላሽ ለመጫን መኪናው መጥቶ ቆሟል። ገዢው አረንጓዴ ያለበትን ነው የፈለገው።

«ይሄ ውሃ አይናገርበትም፤ ነገ እንየው» አለኝ ጋሽ ኢድሪስ።

«ደርቋል እኮ ጋሼ! ምን ቀረው?»

በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። «ወላሂ፣ ድምፁ ታሟል።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። በሰው ፊት ከመሰርሰሪያ ሠራተኛ ትእዛዝ የምቀበል መስሎ ተሰማኝ፤ ቀይ ቀለሜን አንስቼ ቀባሁት።

«እሺ» አለ ፈገግ ብሎ፤ «አንተ ተምሯል፤ አንተ ያውቃል።»

የማንሻውን ገመድ ከሥሩ ሊያስገባ ሲያጎነብስ ድንጋዩ አረንጓዴው ላይ ተንሸራትቶ ለሁለት ተከፈለ። ያን ያህል ድምፅ እንኳ አልነበረውም። የጋሽ ኢድሪስ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች እዚያው ቀረ።

አጣሪዎች መጥተው ሲጠይቁኝ እሱ ሐኪም ቤት ነበር። ቀይ ቀለም ያለበት ስባሪ ገደል ገብቷል። «ሳልቀባው ቸኩሎ ገባ» አልኩና ፈረምኩ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ካባው ላይ የሚጣደፍ ሰው ከታየ «ኢድሪስን ሆንክ እንዴ?» ይባላል። ያ ታጋሽ ሰው የችኩል መተረቻ ሆነ።

ትናንት በክራንቹ ቤቴ መጣ። በየዓመቱ ይመጣል። አርጅቷል፤ «ቸኩሎ ገባ» የሚለውን የአጣሪዎቹ ጸሐፊ ተሳስቶ የጻፈው ነው የሚመስለው።

«ማመልከቻ ጻፍልኝ። ኢድሪስ አልቸኮለም በል። ሌላ አልፈልግም፤ ሳልሞት ስሜ ይመለስ። አንተ አይቷል፤ አንተ ምስክር ነህ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ስንት ዓመት አደርኩ፤ አልጠራልኝም። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩለት፣ አነበብኩለት፣ በአውራ ጣቱ ፈረመ። «አላህ ይባርክህ» ብሎኝ ሄደ።

እስከ ዛሬ የጻፍኩለት ማመልከቻ ሁሉ ሣጥኔ ውስጥ ነው። አንዱንም አልላክሁም።