ረጅሙ እርሳስ

እልኸኛ ሰው ጆሮው ለጌጥ ነው። የእኔ እንዲያ ነበር።

በዚያ ዓመት አንዱ በሬዬ ገደል ገብቶ ሞተብኝ። ወይፈኔን ከቀረኝ በሬ ጋር እየጠመድኩ እርሻ ማለማመድ ያዝኩ። ወይፈኑ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ አራት ልጅ ምን ይበላል? ታዲያ ከቆላው አንድ ነብር ወጣና በጎቼን በየተራ ፈጃቸው። በጎቹ ሲያልቁ በወይፈኑ ላይ ማድባት ጀመረ። እህል አልወርድልህ አለኝ።

ደምበጫ ገበያ ዳር ጠመንጃ የሚጠግኑ፣ ባዶ ቀለህ በባሩድ ሞልተው የጥይት እርሳስ አቅልጠው የሚቀዱ ሽማግሌ ነበሩ። የአባቴን ውጅግራ ይዤላቸው ሄድኩ። አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙረው ውስጡን ሲያዩ ቆዩና፣

"የዚህ ጥምዙ፣ ውስጡ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ፣ ላላ ያለ ነው። አጭር እርሳስ ነው የሚስማማው" አሉኝ።

"አባባ፣ ለነብር እኮ ነው! ከባዱን፣ ረጅሙን ይቅዱልኝ።"

"ስማኝ ልጄ፤ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ የሚወስደው መሽከርከሩ ነው። እንዝርት አላየህም? ሽክርክሪቱ ሲደክም ይወድቃል። ይህ ጠመንጃ ረጅሙን የሚበቃውን ያህል አያሽከረክረውም። በጎኑ እየተገለባበጠ ይሄዳል።"

ለመንኳቸው፣ ደግሞ ተቆጣሁ። ሲሰለቻቸው ሦስት ረጃጅም ቀዱልኝና፣ "እንግዲያው አንዱን ግንድ ላይ ሞክረው። ቀዳዳው ክብ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ከረዘመ ጣላቸው" አሉኝ።

ግንድ ላይ! በእኛ አገር ጥይት ግንድ ላይ የሚያባክን ሰው መሳቂያ ነው። ጎረቤቱ "ግንድ ገዳይ" እያለ እስከ ልጅ ልጄ ሊጠራኝ! ባለቤቴ እንኳ "ብትሞክረው ምን አለበት?" ስትለኝ፣ "ሴት ስለ ጥይት ምን ታውቃለች!" ብዬ አፏን አስያዝኳት። ወይ ነዶ!

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባለቤቴ ከጓሮ "ነብር! ነብር!" ብላ ጮኸች። ጠመንጃዬን ይዤ ወጣሁ። ነብሩ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሣሩ ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ነው። ወይፈኑ ከነብሩ ወዲያ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ሆኖ ይግጣል። ውጅግራዬን ካቡ ላይ አስደግፌ ነብሩን ትከሻው ላይ አለምኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን እግዜር ያውቃል። ተኮስኩ።

ነብሩ ዘሎ ጫካ ገባ። አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰውም። ወይፈኑ ግን በጉልበቱ ተንበረከከ።

ሮጬ ስደርስ እያጓራ ነበር። ጎኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ አልነበረም፤ እርሳሱ ተጋድሞ እንደገባ ያስታውቃል። መሬት ላይ ተዘርፍጬ ደረቴን እየደቃሁ፣ "ጨረስኳችሁ! በገዛ እጄ ጨረስኳችሁ!" እያልኩ አለቀስኩ።

ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ቀዳዳውን በጣቷ ለካችው። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ምነው በረገመችኝ!

"ሞከርከው እንግዲህ" አለችኝ።